ያስመዘገብኳቸው ወይራዎች

አባቴ ዕርፍ አይጠርብም ነበር፤ ያሳድግ ነበር። ዕርፍ ገበሬ ሲያርስ በእጁ የሚጨብጠው ቆልማማ እንጨት ነው። ጉብጠቱ ከእድገቱ ካልመጣ ማረሻው ድንጋይ በነካ ቁጥር ይሰነጠቃል። ሌላው ጠራቢ አንድ ትልቅ ዛፍ ከሥሩ ይጥልና የሚፈልጋትን ጉብጠት ወስዶ የቀረውን ለማገዶ ይተወዋል። አባቴ ግን ከቆቦ በስተምዕራብ፣ ተራራው ሥር ካለው ሸለቆ ይወርድና ለጋ የወይራ ቅርንጫፍ ይመርጣል። በገመድ ጎትቶ ወደ ግንዱ ያስረዋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። አራት ክረምት፣ አንዳንዴም አምስት። ቅርንጫፉ ጎብጦ ሲጠና እሱን ብቻ ይቆርጥና ቁስሉን እበት ይቀባዋል። ዛፉ አይሞትም፤ በሌላው ጎኑ ሌላ ቅርንጫፍ ታስሮ ተራውን ይጠብቃል።

ከጎብዬም ከዋጃም ገበሬ ይመጣለት ነበር። መሬታችን ሲዘንብ የሚያበላ፣ ዝናቡ ሲጠፋ የሚያሳፍር መሬት ስለነበር ቤታችንን ያቆመው እርሻው ሳይሆን ያ ሸለቆ ነው። ጎረቤት እህል አልቆበት ሲሰደድ እኛ ዕርፍ ሸጠን ማሽላ እንገዛ ነበር። እኔንም ትምህርት ቤት ያስገባኝ ያው ሸለቆ ነው። አባቴ ቅርንጫፍ ሲያስር እኔ ቆቦ ተቀምጬ ፊደል እቆጥር ነበር።

ደርግ መሬቱም ጫካውም የሕዝብ ነው ካለ በኋላ ሸለቆው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። የሁሉም ስለሆነ ከሰል አክሳዩ ገባበት። አንድ ቀን ከዳር የነበሩ ሁለት ወይራዎች ከነታሰረ ቅርንጫፋቸው ወድቀው አገኘናቸው። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኛለሁ። በዚያን ዘመን በእኛ አገር ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሚኒስትር ለመሆን የቀረው መኪና ብቻ ይመስለዋል። ዘዴው የተገኘው ከእኔ ነው፤ ማንም ላይ አላላክክም።

«አባዬ፣ ዛፎቹን በማኅበሩ እናስመዝግባቸው» አልኩት። «የማኅበሩ ንብረት ከሆኑ የነካቸው ሰው ይታሰራል። አንተ ጠባቂ ትሆናለህ፤ ዕርፍህንም እንደ ድሮው ትቆርጣለህ።»

«ልጄ፣ እንዲሁ ብንተዋቸው አይሻልም? ያልታወቀ ነገር ጠያቂ የለውም» አለኝ።

«ይሄማ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» አልኩት። ያቺ ቃል ትዝ ስትለኝ ዛሬም ምላሴን መንቀል ያምረኛል።

አልተቆጣም። «እንግዲያው የተማርከው አንተ ነህ» ብሎ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ፈረመ። እኔም ከከተማ ቀይ ቀለም አስመጥቼ እያንዳንዱን ግንድ ቀባሁ፤ የማኅበሩ መሆኑ ከሩቅ እንዲታይ። ዘዴው አንድ ዓመት ሙሉ ሠራ። ከሰል አክሳዮቹ ዝር አላሉም። እኔም በየስብሰባው አፌን ሞልቼ አወራሁ፤ የአባቴን ዕውቀት በወረቀት ያዳንኩ መስሎኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን የተማርኩ ስለነበርኩ አልጠረጠርኩም።

በዓመቱ መንደር ምሥረታ መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ መንገድ ዳር ባለው ሜዳ እንዲሰፍር ታዘዘ። ለቤቶቹ ቋሚና ማገር ከየማኅበሩ ይቅረብ ተባለ። ጎረቤት ማኅበራት «ደን የለንም» አሉ፤ ስለሌላቸው ሳይሆን በወረቀት ስለሌላቸው። የእኛ ሊቀ መንበር ግን መዝገቡን ገለጠና በእጄ የጻፍኩትን ከወረዳ ለመጣው ካድሬ አነበበለት። ካድሬው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ሁሉም ጸሐፊ እንዳንተ ቢሆን!» አለኝ።

«ጓድ፣ ለቤት አይሆኑም፤ ቅርንጫፋቸው ጠማማ ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ግንዱ ለቋሚ፣ ጠማማው ለማገዶ» አለ፤ አለቀ።

በማግስቱ መንደርተኛው ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። የቀረ ይቀጣል ስለተባለ ማንም አልቀረም። ዛፍ መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ቀለሙን እያዩ ሄዱ። አባቴ ከፊታቸው እየሮጠ ገመዶቹን ይፈታ ነበር። አንዱን ፈትቶ ወደሚቀጥለው ሲደርስ መጥረቢያው ከኋላው ያርፋል። አንድ ጎረቤታችን «ተው ወንድሜ፣ አሁን ቢፈታ ምን ይፈይዳል?» አለው። አባቴ ወደሚቀጥለው ገመድ ሮጠ። እኔ እጄን አጣጥፌ ዳር ቆሜ ነበር፤ አላገዝኩትም፣ አላስቆምኳቸውም። ሲመሽ ሸለቆው ባዶ ነበር።

አዲሱ መንደር ስንገባ ሐምሌ ሆነ። ሰው ዕርፍ ፈልጎ እንደ ልማዱ ወደ አባቴ መጣ። አባቴ ሁሉንም በትሕትና «ዕርፍ ያለው ጸሐፊው ዘንድ ነው፤ እሱን ጠይቁ» እያለ ላካቸው። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔን ሲያዩ ግን ሳቁ እየቀረ መጣ። ከዋጃ ገበያ ከግንድ የተፈለጠ ዕርፍ ገዛን፤ በሳምንቱ ተሰነጠቀ።

ወይራ ቶሎ አይሞትምና ከሁለት ዓመት በኋላ ከጉቶዎቹ ጫፍ ለጋ ቅርንጫፍ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ገመድ ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። አንዱን ጎትቼ ለማሰር ብሞክር ከሥሩ ተገነጠለ። ሁለተኛውም ተገነጠለ። የአባቴን ሙያ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ እንዳላየሁ ያኔ ገባኝ። ቤት ተመልሼ እግሩ ሥር ተቀመጥኩና «አባዬ፣ በድያለሁ። አስተሳሰሩን አሳየኝ» አልኩት።

ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ ጠቀለለው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ማሳየቱስ ባሳየሁህ፤ ግን ጉቶው ዛሬም በመዝገብህ ነው፤ አምስት ዓመት ጠብቀን ስናበቃ ማን ይቆርጠዋል?» አለኝ።

ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ ሳያሳየኝ ሞተ።