ወርች መጥረቢያ አይፈልግም

ፒያሳ የነበረው ሱቄ ፈርሶ ወደ ሌላ ሰፈር ስዛወር ቀኝ ትከሻዬ አብሮኝ መዛወር አልፈለገም። የጨርቅ ጣቃ ከመደርደሪያ ላወርድ ክንዴን ሳነሳ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ እንደ ድሮ ታክሲ ካልተገፋ አይነሳም። ልጄ ስትነዘንዘኝ ከረመችና በመጨረሻ ሥላሴ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩላት።

ፊዚዮቴራፒስቷ የልጄ እኩያ ናት። ሸሚዜን አስወልቃ አውራ ጣቷን ከአንገቴ ሥር አሳረፈችና ወደ ትከሻዬ በዝግታ መሄድ ጀመረች። ይሄኔ አፌ ሳላዘው «ክላቪክል» አለ።

«ውይ ጋሼ! የሕክምና ሰው ነዎት እንዴ?»

«ጨርቅ ነጋዴ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ከየት አመጡት?»

«በውድ ነው የገዛሁት» አልኳት። ዋጋውን ግን አልነገርኳትም። ነጋዴ የከሰረበትን ዕቃ ዋጋ አይናገርም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ካለችው አንድ ክፍል ቤታችን እየወጣ ፒያሳ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል። አንድ ጠዋት ክር በመርፌ ሊያስገባ ሲል እጁ እምቢ አለው፤ ግማሽ ጎኑ እንደዚያው ተኛ። ሆስፒታል ሳለ አንዲት ባለሙያ በየቀኑ እየመጣች ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ ታንቀሳቅሰው ነበር። አንድ ቀን ጣቶቹ በራሳቸው ንቅንቅ አሉ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ግን በዚያ በጠባቡ፣ ዝናብ ሲጥል ማጥ በሚሆነው መንገድ ተሸክሞ ማመላለሱ አልሆነም። «እኔ ራሴ ተምሬ አሽልሃለሁ» አልኩት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማዕዘን አሞቅ ነበርና ሥራ አልፈታሁም። ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ረዳቶችን ያሠለጥን ነበር። ተመዘገብኩ። በሽተኛ ለመንካት የሚፈቀድልን ግን የአናቶሚና የፊዚዮሎጂን ፈተና ካለፍን ብቻ ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከቱሪስት የተለቀመ። ትምህርት ቤቱ አንድ አጽም ነበረው፤ እሱም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚውለው። «ሞቶም የሚታሰር አለ» እንል ነበር። ስለዚህ እንደ አራዳ ልጅ አቋራጭ ፈለግሁ። የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ጋሽ ዘለቀ ጠዋት ሥጋ ሲሰቅል እየሄድኩ አጠገቡ መቆም ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ጉልበት የሚዘረጋው የቱ ነው?»

«ታፋው ነዋ! ምነው፣ እናንተ ቤት በሬ በጆሮው ነው የሚሄደው?»

ታፋውን ኳድሪሴፕስ ብዬ ያዝኩት። ሻኛውን ብቻ ሰው ላይ የማኖርበት ቦታ አጣሁ። ትኩስ ሥጋ መንጠቆ ላይ ሆኖ ሲንዘፈዘፍ እያየሁ፣ ጡንቻ ጌታው ሳያዘው እንዴት እንደሚኮማተር ገባኝ። መጽሐፉ ያንን በስንት ገጽ ለፍልፎ አላስረዳኝም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ዘለቀ ወርቹን፣ ማለት የፊት እግሩን ከነትከሻው፣ መጥረቢያ ሳይነካ በቢላ ብቻ ለይቶ አነሳው። «አየህ፣ ወርች መጥረቢያ አይፈልግም» አለኝ። «አጥንት ከገላው ጋር አላሰረውም፤ ሥጋ ነው የያዘው።»

እውነቱን ነበር። በሬን በተመለከተ ማለቴ ነው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባና ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ያኔ እንኳ መጽሐፉን መግለጥ ነበረብኝ። በዓይኑ ያየ ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል ብዬ፣ ሽሮዬን እየበላሁ ያየሁትን በቃሌ ስወጣው ጾሙ አለቀ። አባቴን ከአልጋው ጎን ተቀምጬ እየነካካሁ አጠናበታለሁ። እሱም በዚያ በከበደው ምላሱ፣ «ዛሬስ ምኔን... ልትሸጠው ነው? ታፋዬን... ወይስ ሽንጤን?» ይለኛል። ያን ሰሞን ፊቱ በርቶ ነበር።

ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በዕጣ ነው፤ የደረሰህን የአካል ክፍል ሰው ላይ እየነካህ ታስረዳለህ። ለእኔ ትከሻ ደረሰኝ። የአባቴ አልታዘዝ ያለው ክንድም የሚጀምረው ከዚያው ነውና የእግዜር ምልክት መሰለኝ። አንድ ሸሚዙን ያወለቀ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሽበታሙ አስተማሪያችን ጠየቀኝ።

«ትከሻን ከደረት ጋር የሚያያይዘው አጥንት የቱ ነው?»

«አጥንት የለም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ሥጋ ብቻ ነው የያዘው።»

አስተማሪው እጄን ያዘና በራሴ ሸሚዝ ክፍተት አስገብቶ ከአንገቴ ሥር አሳረፈው።

«ይሄስ?»

አጥንት ነበር፤ መጽሐፉ ክላቪክል የሚለው። ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያው ተጋድሞ ኖሯል።

«ለመሆኑ የት ነው ያጠናኸው?»

«ሥጋ ቤት።»

ሰውዬው ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። በር ላይ ተራውን የሚጠብቀው የሰፈሬ ልጅ ሙሉጌታም ሰምቷል። አስተማሪው ግን አልሳቀም። «ጭንቅላት አለህ። ምዕራፉን አንብብና የሚመጣው ሰኞ ለድጋሚ ና» አለኝ።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ስወጣ ያካፋ ነበር። የማስበው ስለ ክላቪክል አይደለም፤ ስለ ሙሉጌታ አፍ ነው። አራዳ ውስጥ ሊሳቅብህ ከሆነ ቀድመህ ትስቃለህ። እናም ኬክ ቤት ገብቼ፣ ማኪያቶዬ ሳይመጣ ታሪኩን ለጓደኞቼ ዘረገፍኩት። ሰውዬው በሳቅ ከወንበሩ ወደቀ ብዬም ጨመርኩበት።

«እሺ ዶክተር ወርች» አለ አንደኛው እንባውን እየጠረገ፣ «እኔን የሚያመኝ ወገቤን ነው። ኪሎው ስንት ነው?»

ስሙ እዚያው ጸደቀ። እኔም በየቀኑ ቅመም እየጨመርኩ ሸጥኩት፤ ገዢ ሞልቶ ነበር። ሰኞ እየቀረበ ሲመጣ ግን ገበያው እኔኑ አሰረኝ። ፒያሳ በሙሉ ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ ነው። ብወድቅ ሌላ ሳቅ፤ ባልፍም ዶክተር ወርች ነኝ።

ዋዜማው ላይ፣ ድጋሚ ፈተና እንዳለብኝ የሚያውቀው አባቴ ካልጋው ቀና አለና፣ «መቼ ነው... የምትመለሰው?» አለኝ።

«በሬው ሲያገግም አባዬ!»

በግማሽ ፊቱ ሳቀ። እኔም ሙሉ ሳቅ አድርጌ ወሰድኩት።

ሰኞን በአንድ ዘመዳችን ጨርቅ መሸጫ ውስጥ አቡጀዲ ስለካ ዋልኩ። እንጀራዬ ያው ሆኖ ቀረ። አላማርርም፤ ልጆች አሳድጎልኛል። አባቴም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ያ ክንዱ ግን ጥቂት በጥቂት እየታጠፈ ደረቱ ላይ ደረቀ። ሲሞት የገነዙት ሰዎች ሊዘረጉት ታገሉና አቃታቸው። «ተዉት፣ እንደያዘ ይሂድ» አለ አንደኛው። ብማር ኖሮ ይዘረጋ ነበር ብዬ አልምልም። ያልሞከሩትን ነገር ማን ይምልበታል?

ክሊኒኩ ውስጥ ሸሚዜን ስቆልፍ ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን እየታጠበች ታስጠነቅቀኛለች።

«ያሳየሁዎትን እንቅስቃሴ ቤትም ይሥሩት ጋሼ። ከተዉት ይደርቃል። መቼ ነው የሚመለሱት?»

ምላሴ ጫፍ ላይ አንዲት ቀልድ መጣች። ጥሩ ቀልድ ነበረች፤ ልጅቷንም ታስቃት ነበር። ዋጥኳት።

«ሰኞ» አልኩ።