ለእናቴ አፍንጫ አራት ጠርሙስ

አምቦ ውስጥ ቅቤ የሚገዛ ሰው ሁሉ እናቴን ያውቃታል ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም ማጋነን አይደለም። ሰርግ የደገሰ፣ አራስ ያለችው፣ ከሩቅ እንግዳ የሚጠብቅ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። "አዴ፣ ማሎ፣ አንዴ ብቻ ይውጡልን" ብለው ይለምኗታል። እሷም ሥራ እንደፈታች እያጉረመረመች፣ ግን ነጠላዋን ገና ድሮ አዘጋጅታ፣ ትወጣለች።

ገበያ ስትደርስ ከኮባው ቅጠል ላይ በትንሿ ጣቷ ጥፍር ጫፍ ቅቤ ታነሳለች። የእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፣ በትንፋሿ ሞቅ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ታሸተዋለች። ሻጭም ገዢም ፊቷን እያዩ ይጠብቃሉ። "ሙዝ ገብቶበታል" ካለች ገብቶበታል፤ የሚከራከራት አልነበረም። በዚህ የምታገኘው ነገር ምስጋና ብቻ ነው፤ ለእሷ ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ኮሮና የመጣ ጊዜ እኛም ቤት ገባ። እኔን አስነጥሶኝ አለፈ፣ እህቴን ትንሽ አስተኛት፣ እናቴን ግን ከረመባት። ስትነሳ ከክብደቷ በቀር የቀነሰ ነገር ያለ አልመሰለንም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ምስሩ ከድስቱ ጋር ተጣብቆ ከሰል ሆኗል፤ እናቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ አጠገቡ ተቀምጣ በስልክ ትስቃለች። እኔ እየሳልኩ መስኮት ስከፍት ነው ዞራ ያየችው።

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እህቴ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አፍንጫዬ ሞቷል" አለችኝ። "ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ለማንም እንዳትናገር።"

ለምን እንደምትደብቀው መጠየቅም አላስፈለገኝም። የእህቴ ሰርግ በበሽታው ምክንያት ሲተላለፍ ቆይቶ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። እናቴ የስንቱን ሰርግ ቅቤ ስትመርጥ ኖራ የገዛ ልጇን ሰርግ ቅቤ ሌላ ሴት ልትመርጥላት ነው። ቅቤው በሚገዛበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ድረስ አጅቦ እንደሚወጣ ታውቃለች። ይህን ስታስበው እንቅልፍ እንደምታጣ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

በድብቅ የወሰድኳት ሐኪም "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አላት። ይህንንማ እኔም እላት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ መስታወት ማጠብና ተማሪ መቆጣት ነው ሥራዬ። በስልኬ ሳነብ አፍንጫም እንደ ተሰበረ እግር ልምምድ እንደሚደረግለት አገኘሁ። አራት ዓይነት መዓዛማ ዘይት ጠዋትና ማታ ተራ በተራ እያሸተቱ፣ ያንን ሽታ አጥብቆ ማስታወስ ነው። ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባህር ዛፍ ይላል። የጽጌረዳ ዘይት አምቦ ላይ ከየት ይመጣል? እኔ ለአገራችን እንዲስማማ አድርጌ ባህር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ጠጅ ሳርና ኮሰረት አደረግኩት።

ተማሪዎቻችን ለልምምድ የባህር ዛፍ ቅጠል ያፈላሉ። እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ በቱቦው ያልፍና ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ከእነሱ ትርፍ ወሰድኩ፤ ሌሎቹን ደግሞ ራሴ አፈላሁ። እቅፍ ሙሉ ኮሰረት ፈልቶ ፈልቶ የሚሰጠው ዘይት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያንን ሰሞን ኮሪደሩ ሁሉ ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ይል ነበር። ጸሐፊያችን ራስ ምታቷን ሎሚው እንደሚያስታግስላት ነግራኝ ጠብታ በጥጥ ወሰደች፤ ጥበቃው ለትንኝ ብሎ ጠጅ ሳሩን ለመነኝ። ባለ መድኃኒት ሆኜ አረፍኩት።

እናቴ ግን አስቸጋሪ ታካሚ ነበረች።

"ምን ሸተተሽ?"

"ምንም።"

"አስቢው እንጂ እማዬ፤ ኮሰረት ነው።"

"ኮሰረት መሆኑንማ ጠርሙሱ ላይ ጽፈኸዋል።"

ጽሑፉን ላጥኩት። በማግስቱ "ይሄ ባህር ዛፍ ነው" አለችኝና ደስ ብሎኝ ልዘል ስል "ክዳኑ አረንጓዴ ነው" አለች።

እንዲህ እያለን ትዕግሥቷ አለቀ። ማሽተቱ ረጅም መንገድ መሰላት። በእኛ ቤት ራስ ሲያም፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ሰው ሲደክመው ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል፤ ከአናት ደግሞ ወደ አፍንጫ ቅርብ ነው ብላ አሰበች። እሑድ ጠዋት ለአናቷ ባዘጋጀችው ቅቤ ውስጥ ባህር ዛፉን ከጠርሙሱ ገለበጠችው። ምን ያህል እንደበዛ በአፍንጫዋ ማወቅ አትችልም። በሻሿ ሸፍና፣ በላዩ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ጸሎቱ ሲጀመር የእናቴ አግዳሚ ላይ ያሉ ሴቶች አንድ በአንድ ዓይናቸውን መጥረግ ጀመሩ። ቀጥሎ ከፊታቸው ያለው አግዳሚ አለቀሰ። ሰባኪው ይህን አይቶ ልቡ ተነካ፤ ድምፁ ከፍ አለ፣ ጸሎቱም ረዘመ። ቅቤው በሙቀት እየቀለጠ በወረደ ቁጥር ልቅሶው ወደ ኋላ ተስፋፋ። እኔ ጋ ሲደርስ ነገሩ ገባኝና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እናቴ ብቻ ደረቅ ዓይኗን እያማተረች ሁሉም ምን እንደነካቸው ትጠይቅ ነበር።

በር ላይ ጎረቤታችን ያዘቻት። "አዴ፣ ይሄን ሁሉ ባህር ዛፍ ሲቀቡ አልሸተተዎትም?"

እናቴ ተደናግጣ "ጉንፋን ይዞኛል" አለች። በዚያ ዘመን ይህን ማለት ደህና ነበር? ደጁ ወዲያው ባዶ ሆነ።

ቤት ስንደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፤ እሷ ግን ተቀምጣ አለቀሰች። ባህር ዛፉ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ሳቄን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ጠርጥረውኛል" አለች። "ገበያ ላይ በልጄ ሰርግ ልዋረድ ነው።"

"እኔ አሸትልሻለሁ" አልኳት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ቅቤ መግዛት በእኛ ዘንድ የሴት ሥራ ነው፤ እኔም እስከዚያ ቀን ቅቤ የማውቀው ጨጨብሳ ላይ ሲፈስ ብቻ ነበር።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ በጥርጣሬ አየችኝ። ከዚያ ከጓዳ ቅቤ አምጥታ የእጄ ጀርባ ላይ አሸችልኝ። "ምን ይሸታል?"

"ቅቤ ቅቤ።"

"ይሄንንማ ድመቷም ታውቃለች! የጥጃ አፍ ነው የሚሸተው፣ እናቱን ጠብቶ የጨረሰ ጥጃ። እንደገና።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዱ ተገላበጠ። እሷ አራቱን ጠርሙስ ታሸታለች፤ እኔ ቅቤ አሸታለሁ። "ዕቃው በወይራ ታጥኖ ከሆነ ጭሱ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ አትቸኩል" ትላለች። "ጆንያ ከሸተተህ መኪና ላይ የሰነበተ ነው። የረጋ ዘይት የገባበት ደግሞ ምንም አይሸትም፤ ምንም የማይሸት ቅቤ ፍራ።" ይህን ስትነግረኝ የእሷ አፍንጫ ይንቀሳቀሳል፤ ሽታው ቢጠፋትም ቃሉ አንድም አልጠፋትም። እኔም ቀስ በቀስ ጥጃው ይሸተኝ ጀመር።

በምልክትም ተስማማን። እሷ እንደ ወትሮው ታሸታለች፣ እኔ ቀለሙን እንደሚያይ ሰው ትንሽ አንስቼ በስውር አሸታለሁ፣ መጥፎ ከሆነ ኮፍያዬን እነካለሁ።

የሰርጉ ቅቤ በሚገዛበት ቅዳሜ እንደፈራነው እህቴም ጎረቤቶቹም አጅበውን ወጡ። ሻጮቹ ሲያዩኝ ተጠቃቀሱ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ አንዷ። የመጀመሪያዋ ሻጭ ጋ ኮፍያዬን ነካሁ፤ እናቴ "ሙዝ" አለች። ሁለተኛዋ ጋ ነካሁ፤ ይቺን ደግሞ በግምት "የቆየ ነው" አለቻት፤ ልክ ነበረች። ጎረቤታችን ጥርጣሬዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። በውስጤ ልፈነድቅ ደረስኩ።

ሦስተኛዋ ከእንጭኒ የሚመጡ አሮጊት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ለብዙ ዓመታት በቅቤ ሲጨቃጨቁና ሲዋደዱ የኖሩ። እናቴ ከቅቤያቸው አንስታ አሸተተች። እኔ እጄን ስዘረጋ አሮጊቷ አንጓዬን ያዙኝ።

"አንተ ለምን ትነካለህ? እናትህ ቆማ?"

ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። ኮፍያዬን እንዳልነካ እጄ ተይዟል፤ ደግሞም ሳላሸት ምን ልል ነው? እናቴን አየኋት። የእጇን ጀርባ እንደያዘች ቆማ ነበር። ያኔ ፈራሁ፣ ለእሷ ፈራሁ።

"ልቀቂው" አለች በመጨረሻ። "አፍንጫዬ የለም። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። የሚያሸተው እሱ ነው።"

እህቴ አፏን ይዛ ቀረች። ጎረቤታችን "አላልኳችሁም?" ለማለት አፏን ስትከፍት አሮጊቷ አንጓዬን ለቀቁና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

"የእኔም የለም" አሉ ቀስ ብለው። "ከዚያው በሽታ ወዲህ። የምታሸትልኝ ምራቴ ናት።"

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ አሮጊቷ፣ ከዚያ የቅቤ ተራው በሙሉ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ያለ ባህር ዛፍ። ሲበቃቸው እናቴ ቅቤ ያለበትን የእጇን ጀርባ በሰው ሁሉ ፊት ወደ አፍንጫዬ ዘረጋችው።

"በል አሽት። አትቸኩል።"

አልቸኮልኩም። ጥጃው መጣ፤ ቆይቶ ከኋላ ወይራው መጣ። "ለጋ ነው" አልኩ።

"ይመዘን" አለች፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ለአሮጊቷ በሳምንቱ አራት ጠርሙስ ተላከላቸው። እናቴም የእሷን ዛሬም መስኮቷ ላይ ደርድራ ታሸታለች። ሎሚው አንዳንድ ቀን ይመጣላታል፣ ሌሎቹ እንደጠፉ ናቸው። ቅዳሜ በር የሚያንኳኩት ሰዎች ግን አልቀሩም፤ አሁን ሁለታችንንም ይጠሩናል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ስሜን ትተው ባለ ቅቤው ይሉኛል።

የሰርጉን ጠዋት ግን አልረሳውም። ጨጨብሳው በዚያ ቅቤ ራሰና ለእንግዳው ቀረበ። እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ የበሉትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ሰው ሁሉ ሲያመሰግናት ፈገግ ትላለች፤ እጇ ላይ ያለው የራሷ ሳህን ግን አልተነካም ነበር። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

"ንገረኝ" አለችኝ።

አንድ ጉርሻ አሸትቼ ነገርኳት። ጥጃውን ነገርኳት፣ ወይራውን ነገርኳት፣ ሙቀት ሲያገኘው ብቅ ያለውን፣ ዝናብ የነካው ሣር የመሰለውን ነገርም ነገርኳት፤ ይህንን እሷ አላስተማረችኝም። ዓይኗን ጨፍና እየሰማችኝ መጉረስ ጀመረች።

"ሸተተሽ እንዴ?" አልኳት።

"አልሸተተኝም" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "አስታወስኩት እንጂ። አታቋርጥ፣ ንገረኝ።"

ሳህኗ ባዶ እስኪሆን ነገርኳት።