ኤች እና ዜድ ያሉበት ቃል

ስልኩ ሲደወል ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጠን ነበር። የወንድሜ ልጅ ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ ጄ እና ቪ ሰጥታኝ መልስ ትጠብቃለች። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይሰጣል፣ ሌላው ሁለቱም ያሉበትን የቻለውን ያህል ረጅም ቃል ይፈልጋል። ያስተማራት አባቷ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት እያወረደ በካርቶኖች ላይ የሚያየውን ጽሑፍ ማታ ማታ ይዞላት ይገባ ነበር። ልጅቷ ደሴ እኔ ጋ ሆና መማር ከጀመረች በኋላ ጨዋታው ለእኔ ተረፈ። ቅዳሜ የትምህርት ቤቷ የእንግሊዝኛ ክበብ ስለሚወዳደር ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ከፊደል ሌላ ወሬ አልነበረንም።

"ኦብጀክቲቪቲ" አልኳት። የሙያዬ ቃል ስለሆነ ኮራ ብዬ ነው።

በጣቷ ቆጠረች። "ሰብጀክቲቪቲ። በአንድ ፊደል በለጥኩህ። ጋዜጠኛው ጉድ ሆነ!"

ስልኩን ያነሳሁት እየሳቅሁ ነው። የወንድሜ ጎረቤት ነበሩ፤ አዛውንት ናቸው፣ ከዚያ በፊት ደውለውልኝ አያውቁም።

"አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ደህና ነህ? ቤት ደህና ነው?"

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?"

"አልሐምዱሊላህ። ወንድምህን ትንሽ አሞት ነው። ክፉ አይደለም። ልጅቱን ይዘሃት ና። የዐስር ሶላት ሳይደርስ ግቡ። ብቻ አትደንግጡ፣ ምሳችሁንም..." መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ፤ መስመሩ አልገባ አለ። የወንድሜ ስልክ ዝግ ነው። የሚስቱ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመዱ የሞተበት ሰው ቤት እስኪደርስ፣ ወዳጅ ዘመድ እስኪከበው ድረስ "ትንሽ አሞታል" ነው የሚባለው። ሙስሊም ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ከዐስር በፊት ግቡ ሲባል ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ቀብር በዕለቱ ነው፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ጀናዛ ተሸክሞ መውጣት ነው። ስልኬን ኪሴ ስከት ወንድሜ ሞቷል ብዬ ጨርሻለሁ።

"ማን ነው?" አለችኝ።

"ጎረቤታችሁ ናቸው። አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ደርሰን እንምጣ።"

"ትንሽ?"

"ትንሽ።"

በሥራዬ ብዙ ክፉ ዜና ጽፌያለሁ። ሁሉንም የጻፍኩት ለማላውቀው አንባቢ ነው። እዚህ ግን አንባቢዋ ከፊቴ ቁጭ ብላ የማኪያቶዋን አረፋ በማንኪያ ትጠርጋለች። መርዶውን መንገድ ላይ መንገር የእኔ አይደለም፤ ሽማግሌዎች አሉ፣ እናቷ አለች። የእኔ ድርሻ ሳትወድቅብኝ ማድረስ ነው። ለራሴ ማልቀሻ ጊዜ በኋላ አገኛለሁ አልኩ።

መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥን። አጠገባችን ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር የሸመቱትን በርበሬ ታቅፈው አንዲት እናት ነበሩ። መኪናው ከከተማ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጉሙ መንገዱ ላይ ወርዶ ጠበቀን። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በየጠመዝማዛው ጥሩንባ ይነፋል።

ዝም ካልኩ ታውቅብኛለች። "ኬ እና ደብሊው" አልኳት።

አይኗን ጨፈነች። "አክኖውሌጅመንት!"

በርበሬ የያዙት እናት ዞር ብለው አዩን። "ምንድን ነው የምትሉት፣ ለመንገዱ ዱዓ ነው?"

"የእንግሊዝኛ ቃል ነው እማማ። ረጅም የተናገረ ያሸንፋል።"

"እኔ ላሸንፍ!" አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን። "ኮምቦልቻ!"

"የቦታ ስም አይቆጠርም።"

"እንዴት አይቆጠርም? በቀን አምስቴ ተመላልሼበት!"

"አንተ ፊትህን ወደ መንገዱ!" አሉት እናት፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰለኝ። ጉሙ ሳሳ ሲል ሰዓቴን አየሁ፣ ከዚያ ስልኬን። ሁለቱንም ደግሜ አየሁ። ልጅቷ ጣቶቼ ላይ አፍጥጣለች።

"የእኔ ተራ" አለች። "ኤች እና ዜድ።"

ቃሉ ወዲያው መጣልኝ። ሆስፒታላይዜሽን። ረጅም ነው፣ በዚያ ሳምንት ካገኘነው ከየትኛውም ቃል አያንስም። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

"ተሸነፍኩ" አልኳት።

"አንተ ተሸነፍኩ ብለህ አታውቅም።"

"ዛሬ ተሸነፍኩ።"

መኪናው አንድ ጠመዝማዛ ዞረ፤ ሌላም ዞረ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ "ሆስፒታላይዜሽን" አለች። ፊደሎቹን አልቆጠረችም። "አጎቴ፣ አባቴ ሞቷል?"

"አይ፣ ትንሽ አሞታል" ማለት ነበረብኝ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ አዋቂ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ነገር ግን ጥያቄው ቀጥ ብሎ መጣ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"የምታውቀውን ንገረኝ።"

ነገርኳት። አሞታል ብለው እንደደወሉ። የአባቷ ስልክ ዝግ እንደሆነ፣ የእናቷ እንደማይነሳ። ከዐስር በፊት ግቡ እንደተባልን። ስጨርስ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጥያቄዋ ግን አልቆመም።

"ሞተ ያለህ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ማን ነገረህ?"

አንድ ጀማሪ ዘጋቢ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ቢመጣብኝ ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። መልስ ይዞ ካልመጣም ዜናውን አላወጣለትም። ይህን እያወቅሁም ወንድሜ በሕይወት አለ ብዬ ማመን አቃተኝ። የተማርኩት ሙያ አንድ ነገር ይለኛል፣ ያደግሁበት ቤት ሌላ።

እጇን እጄ ውስጥ ከተተች። በረዶ ሆኗል። "ፊደል ስጠኝ" አለች።

"የትኛውን?"

"ማንኛውንም።"

ፒ እና ዋይ ሰጠኋት፤ ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስ እንኳ አምስት ቃል የምታወጣበት ነው። ኮምቦልቻ እስክንገባ ድረስ አንድም አላገኘችም። በርበሬ የያዙት እናት ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበቷ ላይ ደረቡላት። ሲወርዱም "አላህ መልካሙን ያሰማችሁ" ብለው ወሰዱት።

ከዋናው መንገድ ባጃጅ ይዘን ወንድሜ ሰፈር ገባን። ገና ከመታጠፊያው በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ አየሁት። የወንድ፣ የሴት፣ የፕላስቲክ፣ የቆዳ። ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ወንዶች እኛን ሲያዩ ሁሉም ተነሡ። ደህና ቤት ለሚመጣ እንግዳ ሰው ሁሉ አይነሣም። ልጅቷ እጄን ለቃ ሮጠች።

የሮጠችበት በር ውስጥ ሳትገባ ከቤት ውስጥ አንድ ጩኸት ወጣ።

"ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ! የበሬ ትከሻ መሰለህ እንዴ!"

የወንድሜ ድምፅ ነበር። ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ሲጮኽብኝ ሰምቼዋለሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን ጣፍጦኝ አያውቅም።

የደወሉልኝ ሽማግሌ በሩ ላይ ያዙኝ። እንደነገሩኝ ወንድሜ ከጭነት መኪና ወድቆ ትከሻው ወልቋል። ስልኩ እዚያው ተሰብሯል። ሚስቱ በድንጋጤ ስልኳን ቤት ጥላ ክሊኒክ ይዛው ሮጣለች፤ ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ ደህና ነው ተብሏል። ትከሻውን ሊመልስ የተጠራው ወጌሻ ከዐስር በኋላ ሌላ ቀጠሮ ስላለው በፊት ካልሆነ አይሆንም ብሏል። ወንድሜ ደግሞ ወንድሜ ይያዘኝ፣ ልጄም ትኑር፣ አለዚያ አልነካም ብሎ አስቸግሯል። ጠያቂው ሁሉ የተነሣው የሚይዘው ሰው መጣ ብሎ ነው።

"እንዴት እንዲህ ብለው ይደውላሉ?" አልኳቸው።

"ምን አልኩ? ትንሽ አሞታል፣ ክፉ አይደለም አልኩህ። ውሸት አለበት?"

"እኔ እኮ ሞቷል ብዬ ነው የመጣሁት!"

ሽማግሌው ገረማቸው። "ቢሞት ኖሮማ ወላሂ ደህና ነው ብዬ ነበር የምነግርህ።"

ገባሁ። ወንድሜ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ላቡ ይንቆረቆራል። ወጌሻው እጁን በቅቤ እያሸ ነው፣ ሚስቱ ውኃ ይዛ ቆማለች። ልጅቷ ራስጌው ተንበርክካ ደህናውን እጁን ይዛለች፤ አታለቅስም።

"የት ቆየህ?" አለኝ። "ያዘኝ እንጂ።"

በሁለት ክንዴ ደረቱን አቀፍኩት። ልቡ ክንዴ ላይ ይመታል፤ ያንን በራሴ አረጋገጥሁ።

"ፊደል ስጪኝ" አላት ልጁን። "ሐሳቤን ይወስድልኛል።"

እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። "ኤች እና ዜድ።"

ማሰብ ሲጀምር ወጌሻው ክንዱን ያዘና ሳበው። ወንድሜ ጎረቤት ሁሉ የሰማው አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ፤ ትከሻው ቦታው ሲገባ እኔም ተሰማኝ። ከዚያ እየቃተተ ወደ ልጁ ቀና አለ።

"ይሄስ ስንት ፊደል ሆነ?" አላት።

አልቆጠረችም። ፊቷን ደህናው ትከሻው ላይ ደፍታ፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ታለቅስ ነበር።