ጥላ የተዘረጋበት ጓሮ

ሆርዶፋ ሰው እምቢ ሊለው የማይችል ሰው ነበር። ይህ ጸጋ ነው የሚል ካለ የሆርዶፋን ነገር አልሰማም ማለት ነው።

ሥራው የልማት ሠራተኛ ነው። ከባኮ ከተማ ፈቀቅ ባሉት ቀበሌዎች እየዞረ ገበሬውን ማዳበሪያ ተጠቀም፣ በመስመር ዝራ ይላል። ሌላው የልማት ሠራተኛ ብቅ ሲል ገበሬው በጓሮ በር ሹልክ ይላል፤ ሆርዶፋ ሲመጣ ግን በርጩማ ይወጣለታል። ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ በሬ አብሮ ያያል፣ ጠላውን እየጠጣ የሽማግሌ ጨዋታ ያዳምጣል። የማዳበሪያውን ነገር የሚያነሳው ለመሄድ ከተነሣ በኋላ ነው፣ ልክ ድንገት ትዝ እንዳለው። ተንኮለኛ! ቢሆንም ዋሽቶ ስለማያውቅ ሁሉም ይወደው ነበር።

ያሳደገችው የታላቅ ወንድሙ ሚስት ሽታዬ ናት። ወንድምየው ሲሞት ሆርዶፋ ገና ልጅ ነበር። ሽታዬ ከገዛ ልጇ ከዱሬቲ ሳትለይ አብልታ አሳደገችው፤ አምቦ ልካም አስተማረችው። በመጀመሪያ ደሞዙ ቀሚስ ገዝቶ ቢወስድላት «ቀሚስ ምን ያደርግልኛል፣ አንተ በደህና ግባ» ብላ ተቆጣችው። ከዚያ ወዲያ ግን ለበዓል ሌላ ቀሚስ ለብሳ አታውቅም።

በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዶክተር ንዋይ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ አንድ ጥናት ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀል ነበር።

«እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ» አለ ለሆርዶፋ ሲያስረዳው፣ «ጭሱና አቧራው ከደመና በላይ ወጥቶ ፀሐይን ይጋርዳል። ምድር ትቀዘቅዛለች። አሁን ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ምን እያሉ መሰለህ? የዓለም ሙቀት እየጨመረ ከሄደ፣ እኛው ሆን ብለን እንዲህ ያለውን አቧራ በአውሮፕላን ሰማይ ላይ እንበትን እያሉ ነው።»

«ፀሐይን ሊጋርዱ?»

«ትንሽ ቀነስ ሊያደርጓት።»

ሆርዶፋ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። «አንድ ቀን ይወስናሉ። በሚወስኑበት ስብሰባ ላይ ‹የእናንተ በቆሎስ ምን ይሆናል?› ብሎ የሚጠይቀን የለም። ስለዚህ ቀድመን ማወቅ አለብን። አገራችን በፖሊሲው ላይ የምትናገረው ነገር እንዲኖራት ማስረጃ በእጃችን መያዝ አለበት።»

አሳማኝ ሰው ሲያሳምኑት እንዴት ይወድቃል መሰላችሁ! ሆርዶፋ በዚያች ቅጽበት አለቀለት። ለገበሬ ጥቅም ከዚህ የበለጠ ምን ሊመጣ ነው አለ በልቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቆሎው ከበቀለ በኋላ በባሕር ዛፍ አጠና ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ይወጠርበታል፤ ከፀሐዩ ሲሶው ይቀነሳል። ምርቱ ከጎደለ የጎደለውን ያህል እህል ጥናቱን የሚያሠራው የአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤት ይተካል። ማሳው ግን መኪና የሚደርስበት፣ ጦጣና ከርከሮ የማይደፍረው መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ ጓሮ ነው። ጓሮ ለገበሬ ምን እንደሆነ ሆርዶፋ ጠንቅቆ ያውቃል። ክረምቱ ጎተራውን ሲያራግፈው፣ የዋናው ማሳ እህል እስኪደርስ ነፍስ የምታቆየው የጓሮዋ እሸት ናት። እሱ ራሱ ያደገባት ናት! ዶክተሩ «መንገድ ዳር ያለ ጓሮ» ሲለው ግን አፉ ላይ የመጣለት የሽታዬ ስም ነው።

«ያ ሆርዶፋ!» አለች ሽታዬ ስትሰማ፣ «በቆሎ ነጠላ ሲለብስ የት አየህ? የፀሐይን ነገር ለላይኛው ለዋቃ ተወው።»

«አዴ ሽታዬ፣ እናቴ፣ ምንም አይሆንም። ከጎደለም መንግሥት ይተካል። መንግሥት ባይተካ እኔ አለሁ።»

«አይሆንም አልኩ።»

ይሄኔ ሆርዶፋ ጎንበስ ብሎ ከደጇ እርጥብ ሣር ነጨና በሁለት እጁ ዘረጋላት። እዚያ አገር ሣር ይዞ የሚለምንን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ደም የተቃቡ እንኳ ሣር ሲያዩ ይበርዳሉ። ለእርቅ፣ ለምሕረት የሚያዝ ነገር ነው እንጂ ጨርቅ ለመወጠር ተብሎ ሣር ተነጭቶ አያውቅም። ሽታዬ ሣሩንም እሱንም አየች። «ለዚህ?» አለችና ተቀበለችው። አንጀቷ ግን አልተቀበለም፤ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ሰኔ ደህና ዘነበ። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጭራሽ ዘጋ። የጎረቤቱ ሁሉ በቆሎ ቅጠሉ እየተጠቀለለ፣ እያረረ ደረቀ። ከጨርቁ ሥር ያለው የሽታዬ በቆሎ ግን፣ ጥላው የአፈሩን እርጥበት ስለያዘለት፣ ሰው አክሎ ለመለመ። ቅጠሉ ሲያዩት ያጠግባል። መንገደኛ ቆሞ ያየዋል፤ ጎረቤት «የመንግሥት ዘመድ ያለው ሰው ፀሐይም አይነካው» እያለ ያሽሟጥጣል። ሆርዶፋ አንድ ጠዋት የበቆሎውን ራስ ከነሽፋኑ በጣቱ ጫን ጫን ሲያደርገው ውስጡ ባዶ ነው። ሌላውን ነካ፤ ያም ባዶ። ለካ በቆሎው የነበረውን ጉልበት ሁሉ ቅጠል ላይ አፍስሶት፣ ፍሬ የሚሆን ብርሃን አጥቷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

በነሐሴ የእርዳታ እህል የሚሰጣቸውን ሰዎች የሚመዘግቡ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ ግቢ ተሰበሰበ። የሽታዬ ስም ሲጠራ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ኤጄታ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሽታዬ ደግሞ ምን ጎደላት? ስትመጡ ጓሮዋን አላያችሁም?»

አይተዋል። ከመንገዱ አረንጓዴው ይታያል።

ሆርዶፋ ተነሣ። «ፍሬ የለውም!» አለ። «ቅጠል ብቻ ነው። እመኑኝ።»

«በሚያዝያ ‹ምንም አይሆንም› ያልካት አንተ አይደለህ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የወንድሙ ሚስት ናት፣ ምን ያድርግ» አለ ሌላው። ሰው ሳቀ።

ሆርዶፋ ሮጦ ሄዶ አምስት ስድስት ራስ ቀንጥሶ መጣ፤ በፊታቸው ላጠው። ያለው ቆረቆንዳው ብቻ ነው፣ ነጭ፣ ራቁቱን። መዝጋቢው አገላብጦ አየና መለሰለት። «ገና ለጋ ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ይዘገያል። አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተስፋ አለው፣ ይጠብቁ።» ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ሽታዬ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ነጠላዋን አራግፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሆርዶፋ ባኮ ወርዶ ዶክተሩን ለመነ። «ጥናቱ ሳያልቅ ውጤቱን ልናገር አልችልም» አለ ዶክተር ንዋይ። «ቢሆንም ለጽሕፈት ቤቱ እጽፍላቸዋለሁ።» እውነትም ጻፈ። መልሱ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው፣ በቆሎው ተለቅሞ አንድ እንቅብ እንኳ ሳይሞላ ከቀረ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መልሱም ይህ ነው፦ በዓመቱ ድርቅ ስለነበረ የጥላው ጉዳት ከድርቁ ጉዳት ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ ጥናቱ ተሰርዟል። ጉዳቱ የጥላው መሆኑ ካልተረጋገጠ ደግሞ የሚተካ እህል የለም።

«ታዲያ ሌላ ዓመት ትሠሩታላችሁ?» አለ ሆርዶፋ።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «አይመስለኝም። በዚህ ሰዓት ስለ ፀሐይ ማን ይሰማኛል?» በማግስቱ ጨርቁን ጠቅልሎ ሄደ።

«እኔ አለሁ» ብሎ አልነበር? ነበር። ግን የራሱም ልጆች አሉት፣ የገበያው እህል ደግሞ ሰማይ ወጥቷል። ያመጣላትን ጥቂት እህል ሽታዬ ለዱሬቲ ትሰጣለች፤ ዱሬቲ አራስ ናት። በኅዳር የዱሬቲ ጡት ነጠፈ። በዚያው ሰሞን ለሠፈራ የሚሄድ ሰው መመዝገብ ተጀመረ፤ የሚሄድ ሰው ከመነሻው ጀምሮ ይበላል ተባለ። ሽታዬ ማንንም ሳታማክር ሄዳ ሦስት ነፍስ አስመዘገበች።

ሆርዶፋ ቆይቶ አምቦ ተዛወረና ደርግ እስኪወድቅ ድረስ መጋዘን ጠበቀ። እስኪ እገሌን አሳምንልን ሲሉት «እኔ አልችልም» ይላል፤ ቀልዱን መስሏቸው ይስቃሉ። ያን አፍ የዘጋው ግን የሠፋሪዎቹ መኪና የተነሣበት ቀን ነው።

ሰው ጭኖ የቆመው መኪና ባኮ መናኸሪያ ዳር ነበር። ሽታዬ ያቺን ቀሚስ ለብሳ፣ ሕፃኑን ከዱሬቲ ተቀብላ አቅፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሆርዶፋ የመኪናውን እንጨት ይዞ ቆመ። ይቅር በይኝ ሊል ነበር፤ እንባው ቀደመው።

«ተው፣ ሰው ያይሃል» አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። «ሆርዶፋ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ዶክተር የሚፈልገውን አገኘ?»

በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቀው ሆርዶፋ ቀና ብሎ አያት።

«አገኘ፣ አዴ። ሁሉንም አገኘ።»

«እሰይ!» አለች ሽታዬ፤ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «እንግዲያው ለከንቱ አልሆነማ።»

መኪናው ተነሣ።