የቡድኑ ኮርማና የጦይባ ጊደር

ሥራ የጀመርኩት ኮርማው በአይሱዙ የመጣ ዕለት ነው። መኪናው ከሐይቅ በኩል መጥቶ፣ ውጫሌን አልፎ፣ እያቃሰተ እኛ ቀበሌ ወጣ። ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። ኮርማው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሻኛ የሚባል ነገር የለውም፤ ጀርባው እንደ መደብ የተዘረጋ። የኋላው በር ተከፈተለት፤ እሱ ግን አልወርድም አለ።

ሾፌሩ ይጮኻል። የቡድናችን ሰብሳቢ መኮንን በዱላ ጎኑን ይጎስመዋል። ኮርማው ደግሞ ወደ ውስጥ ያፈገፍጋል።

"ዱላውን ጣለው" አልኩት መኮንንን። "የማያውቀው አገር አምጥታችሁት ነው። ትንሽ ይይበት።"

ፉሩሽካ በመዳፌ ይዤ ከበሩ ሥር ቆምኩ። ገመዱ የታሰረው አፍንጫው ላይ ካለው ቀለበት ነው፤ አልጎተትኩትም። ቆይቶ ቆይቶ መጣና እጄን ላሰኝ። ከዚያ ወረደ። ከውጫሌ አብራ የመጣችው የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ፣ ሰናይት የምትባል ልጅ፣ ሳቀችና "በሉ እንግዲህ አያ ይመር፣ ጠባቂው እርስዎ ነዎት" አለች።

"ማን ሾመኝ?" አልኳት።

"ኮርማው" አለች።

እንዲህ ሆኜ ኮርማ ጠባቂ ሆንኩ። ቡሬ አልነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። ይህን የምጽፈው በየቀበሌው ኮርማ ለሚጠብቁና በውይይት ቡድን ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው፤ ሌላው ሰው ቢሰለቸው አልፈርድበትም።

የኮርማ ጠባቂ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ማለዳ በረቱን ትጠርጋለህ። ድርቆሽ ትሰጣለህ፣ ፋጉሎ ትቀላቅላለህ፣ አሞሌ ታስልሳለህ። ሰኮናውን ታያለህ። ላም ኮርማ የፈለገች እንደሆነ ባለቤቷ ይዞ ይመጣል። ጠዋት መጮህና ሌላ ከብት ላይ መውጣት ከጀመረች ከሰዓት በኋላ በኮርማው ታስጠቃታለህ፤ ማታ ከጀመረች በማግስቱ ማለዳ። ከግንድ የሠራነው መቆሚያ አለ፤ እዚያ ትገባለች። አንዴ በደንብ ካጠቃት ይበቃል። ሰው ግን አይበቃውም፤ "ይድገማት እንጂ አያ ይመር!" ይላል። ኮርማውም እኮ ሰው ነው እለዋለሁ።

ቡድኑ የከብት እርባታ የውይይት ቡድን ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት። የምንሰበሰበው በየወሩ በሚካኤል ቀን ነው፤ ያን ዕለት አይታረስም፤ እስላሙም ጎረቤቱን አክብሮ በሬውን አይጠምድም። አስተማሪ የለም፣ ጥቁር ሰሌዳ የለም። በተራ አንድ ሰው ግቢ እንሄዳለን፣ ላሙን እናያለን፣ ግርግሙን እናያለን፣ ያየነውን እንናገራለን። እንግዳው ሳያፍር ይተቻል፤ ባለቤቱ ሳይቆጣ ይሰማል። ሳይቆጣ ያልኩት እንኳ ውሸት ነው። ይቆጣል፤ ግን ይሰማል።

ሣሩንም እንዲሁ በውይይት ነው ያዳንነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ ድሮ የሁሉም ነበር፤ ስለዚህ የማንም አልነበረም። ጥር ሲገባ መላጣ ይሆናል። ተከራክረን ተከራክረን ዘጋነው፤ ጥብቅ ሣር አልነው። ከብት አይገባም፤ እያጨድን እንወስዳለን። ሣሩ ማበብ ሲጀምር እንጨደው ብላ ሰናይት ስትነግረን ሽማግሌው ሁሉ ሳቀባት፤ እኛ የምናጭደው ቢጫ ሲሆን ነበርና። "ቢጫ ሲሆን ካጨዳችሁት ገለባ ነው ያጨዳችሁት" አለች። አንዱን ጥግ ቀድመን አጭደን ለላሞቹ ሰጠንና ወተቱን አየን። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሕጉ ግልጽ ነበር። ጥብቁን በተራ እንጠብቃለን፤ ሲታጨድ ጥበቃ የወጣ ሁሉ ይካፈላል። ከብቱን አስገብቶ የተገኘ ሰው የተናደውን የጥብቁን ካብ ድንጋይ ተሸክሞ ይጠግናል። ከብቱን የለቀቀ ሁሉ "አምልጦኝ ነው" ስለሚል ይህንንም አንሰማም ተባብለን ተማማልን።

ጦይባ ከታች ሰፈር ያለች ሴት ናት። ጥብቁን በዘጋን ዓመት ባሏ ሞተ። ልጆቿ ትንንሾች ናቸው። ከባሏ የቀረላት ከብት አንዲት ጊደር ብቻ ነች፤ እናቲቱን ላም በሽታ ወስዷታል። የጥበቃ ተራ ስናወጣ መኮንን ተነሥቶ "ጦይባ ሐዘን ላይ ናት። በቅሬያችን ሥርዓት ነፃ ትሁን" አለ። ቅሬ የቀብር ማኅበራችን ነው፤ ሐዘን የገባበትን ቤት ከሥራ ነፃ ያደርጋል። ሁላችንም እጅ አወጣን። አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ። ደግ ሥራ ሠራን ብለን ወደየቤታችን ሄድን።

ቡሬ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ጊደር ያለው ሁሉ ወደ ቡሬ ጎረፈ። ክልስ ጥጃ ያማረው ብዙ ነው። ሰይድ የሚባል ጎረቤቴ ቀጫጫ ጊደር አመጣ፤ ተጠቃች፤ አረገዘች። ጥጃው ሆዷ ውስጥ ገዘፈ። የምጧ ቀን በገመድ ብንጎትት፣ ብንጎትት፣ ጥጃውም እሷም ሞቱ። ሰይድ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስብሰባ አልመጣም።

ሰናይት ገመድ ይዛ መጣች። የጊደርን ደረት ከፊት እግሮቿ ኋላ ዙሪያውን የሚለካ ነው፤ መድረስ ያለባት ልክ ላይ ቋጠሮ አለው። ከቋጠሮው ያነሰች ጊደር ለቡሬ አትሰጥም ብለን ተስማማን። ገመዱን እኔ ያዝኩት።

አንድ ቀን ማለዳ ጦይባ ጊደሯን እየሳበች መጣች።

"አያ ይመር፣ እንዴት አደሩ? ከነጋ እየጮኸች ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ደረሰች።"

ገመዱን አዞርኩባት። ቋጠሮው አልፎ ተንዘላዘለ።

"አይሆንም፣ ጦይባ። ትንሽ ናት።"

"ዕድሜዋ እኮ ሞልቷል! እኩዮቿ ወልደው እየታለቡ ነው።"

"የምትወልደው በዕድሜዋ አይደለም፣ በሰውነቷ ነው። የሰይድን አይተሻል።"

"አንቱ፣ ኮርማው የአንቱ ነው እንዴ?"

"የቡድኑ ነው።"

"እኔስ ከቡድኑ አይደለሁም?"

"ነሽ። ለዚያ ነው የከለከልኩሽ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ይስሙኝ። የሐይቅ ከብት ነጋዴ መጥቶ አይቷታል፤ ለሥጋ ነው የሚፈልጋት። ዘንድሮ ካላረገዘች ልሰጠው ነው። የማትታለብ ጊደር እያየሁ ልጆቼን ምን ላጠጣ? እሷ ከሄደች ደግሞ ከብት የሚባል ከደጄ አለቀ። አፈር ስሆን፣ አያ ይመር።"

"አይሆንም" አልኳት።

ጊደሯን ይዛ በቀጥታ መኮንን ዘንድ ሄደች። መኮንን እየተንደረደረ መጣ።

"ፍታው!"

"አልፈታም።"

"አንተ ጠባቂ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም!"

"ጠባቂ ማለት ፍግ ጠራጊ መሰለህ?"

"የሙት ቤት ነው ይመር፣ እግዜርን ፍራ!"

"ስለፈራሁ ነው። በረቱ ያውልህ፣ በሩም አልተቆለፈም። ራስህ ፍታውና የምጧ ቀን ራስህ ትጎትታለህ።"

መኮንን በሩን ያዘና ቆመ። ዞር ሲል የሰይድ በረት ታየው፤ ባዶ ነው። እየተሳደበ ተመለሰ። የጊደሯም ፍላጎት አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ይመር ሐዘንተኛ አስለቀሰ ተባለ። ከመስጊድ የሚወጣውም ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውም አንድ ቃል ሆነብኝ። ምንጭ ዳር ሚስቴን ሰላም የሚላት ጠፋ። እሷም ማታ ገብታ "እንግዲህ እኔን ፍታኝና ከኮርማህ ጋር ኑር" አለችኝ። እኔ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የሚካኤል ቀን ደረሰ። ሰናይት ስብሰባው ጦይባ ግቢ ይሁን አለች። ሰው ሁሉ እኔ ላይ ሊፈረድ ነው ብሎ ቀድሞ መጣ፤ ሰይድ እንኳ መጣ። ሰናይት ግን "ዛሬ የጥፋተኛ ጉዳይ የለም። ጊደሯን እንይ" አለች።

አየናት። ሰው በየተራ ጎድኗን ዳሰሰ። ጎድኗ ይቆጠራል። ሰይድ ግርግሙ ላይ አጎነበሰና የማሽላ አገዳ ብቻ አገኘ።

"ሣሩ የታል?" አለ።

"የቱ ሣር?" አለች ጦይባ።

"የጥብቁ ነዋ! አሁን ያጨድነው!"

"ከእናንተ የወዳደቀውን ለቅሜያለሁ። እሱም አለቀ።"

መኮንን ጉሮሮውን ጠራረገ። "ሣር የሚካፈለው እኮ ጥበቃ የወጣ ነው። አንቺ ነፃ ነሽ፣ እታለም።"

ጦይባ ነጠላዋን አስተካከለች። በስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም ነበር።

"ነፃ ያላችሁኝ ከሥራው ነው ወይስ ከሣሩ?"

እጃችንን አውጥተን፣ ዱዓ አስደርገን፣ ደግ ሥራ ብለን የሠራነው ነገር ያ ነበር።

"ኮርማ ከለከላት ብላችሁ ስትሰድቡኝ ከርማችኋል" አልኩ። "እሺ፣ ኮርማውን እኔ ከለከልኩ። ሣሩን ግን ሁላችንም ነን።"

መኮንን ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱ ቀላ። "በሉ፣ ከየቤታችን እናዋጣላት" አለ።

"ሰደቃ አልጠየቅሁም፣ አያ መኮንን" አለች። "ተራዬን ስጡኝ።"

"ሴት ጥበቃ ልትወጣ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ጥብቁ የሚገባው ከብት ነው ወይስ ጅብ?" አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀን ተራ ተሰጣት።

እሷ ጥበቃ በወጣች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ሆነ መሰላችሁ? የመኮንን በሬ ካብ ንዶ ገባ። መኮንን ውጫሌ ገበያ ሄዶ ነበር። ሲመለስ በሬው ኮረብታው ሥር ታስሯል።

"አንቺ፣ ይሄ እኮ የኔ በሬ ነው!"

"አውቄ ነው የያዝኩት።"

"አምልጦኝ ነው፣ ወላሂ!" ክርስቲያን ሆኖ ሲጨንቀው ወላሂ ይላል።

"አምልጦኝ ነው አይሰማም ተባብለናል። ካቡ እዚያ ጋ ነው የተናደው።"

ሰብሳቢያችን የገበያ ልብሱን እንደለበሰ ድንጋይ ተሸከመ። መንደሩ ወጥቶ አየው። ከዚያ ወዲያ ጥብቅ ውስጥ ከብት የለቀቀ የለም።

በተከታዩ አጨዳ ጦይባ ድርሻዋን ሙሉ አስገባች። ደሾ የሚባለውን ሣርም በግቢዋ ዳር ተከለች። ጊደሯ ጠጉሯ አበራ። ነጋዴው ከሐይቅ መጥቶ ጠየቀ፤ "ሌላ ቤት ሞክር" ብላ ሸኘችው። ጊደሯ እንደገና ስትጮህ ደግሞ ወደ እኔ አመጣቻት። ለካሁ። ለቋጠሮው ትንሽ ቀራት።

"አይሆንም።"

"አንቱ ሰውዬ! ይህች ምን አላት? አላህ ትዕግሥቱን ይስጠኝ!" እየተራገመች ሄደች፤ ይህን ጊዜ ግን ወደ መኮንን አልሄደችም። በሌላ ጊዜ ስትመጣ ቋጠሮው ገጠመ። ቡሬን ፈታሁት።

ጊደሯ ያማጠች ዕለት ጦይባ አስጠራችኝ። ረፋድ ላይ ነው። ሰናይት በስልክ ከውጫሌ በባጃጅ እየመጣሁ ነው አለች። ግቢው ሰው ሞልቶታል። መኮንን ገመድ ይዞ ቆሟል።

"እንጎትት!"

"ገና ነው። የፊት እግሮቹና አፍንጫው አብረው ይታዩ።"

ጊደሯ ተኛች፣ ተነሣች፣ መልሳ ተኛች። ጦይባ ግድግዳ ተደግፋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰይድ ግን ማየት አልቻለም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሰኮናዎቹ ወጡ፤ በመሐላቸው አፍንጫው ታየ። እሷ ስታምጥ ብቻ በእጄ እያገዝኩ ሳብ አደረግሁት። ትከሻው ላይ ቆየብን። ከዚያ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

"ምንድን ነው?" አለ መኮንን።

"ወንድ ነው።"

"አይ!" አለ ሰው ሁሉ። ሁሉም ሴት ነበር የጠበቀው።

ጦይባ ጥጃውን አላየችውም። የምታየው እናቲቱን ነው። ላሟ ጉልበቷን አጠፈች፣ ተንገዳገደች፣ ተነሥታ ቆመች። ዞራም ጥጃዋን መላስ ጀመረች።

"ወንድም ይሁን" አለች ጦይባ። "እሷ ቆማለች።"

ይህን ሲሰማ ሰይድ ዞረ። መኮንን ገመዱን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። ሰናይት ስትደርስ የቀራት ሥራ እንግዴ ልጁ መውጣቱን ማየት ብቻ ነበር። ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈውን እንገር ጦይባ አፍልታ ለጎረቤት አደለች። የኔን ራሷ ይዛ መጣች። "አሁንም ጥሩ ሰው አይመስሉኝም" አለችኝና ሳቀች። ሚስቴም ሳቀች።

ቡሬን ሴት ልጆቹ ለኮርማ ሊደርሱ ሲሉ ከሌላ ቀበሌ ቡድን ኮርማ ጋር ተለዋወጥነው፤ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ። ሲሄድ ከፋኝ፤ ግን ራሴ ነኝ መኪናው ላይ የጫንኩት። እኔም ጉልበቴ ሲደክም ሥራውን ለሰይድ አስረከብኩ።

ለሰይድ የነገርኩት ይህን ነው። ያልደረሰች ጊደር ሲያመጡልህ ከልክል፤ የፈለገው ይቆጣ። ከልክለህ ግን ቤትህ አትግባ። ጊደሯን ተከትለህ ሂድና ግርግሟን እይ።