የመምሬ ግዝት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝሁም፤ እንዴት ልናዘዝ? የበደልሁት እሳቸውን ነው። እንግዲህ የማላውቅህ አንባቢ፣ ወዳንተ መጥቻለሁና ስማኝ።

ደባርቅና ዳባት ላይ ስለ እኔ ብትጠይቅ «የሣሩ አባት» ይሉሃል። በልማት ሠራተኛነት ጀምሬ፣ እርከን አሠርቼ፣ ችግኝ አስተክዬ፣ በመጨረሻ «ተራራችንን ያለበሰ» ተብዬ ምክር ቤት ገባሁ። ያስመረጠኝ ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ በታች ያለ አንድ መስክ ነው። ድሮ በግጦሽ ብዛት ተራቁቶ ድንጋዩ ፈጦ ነበር፤ ዛሬ ሣሩ ጉልበት ያልፋል፣ ጭላዳ ዝንጀሮው እንደ ልቡ ይሰማራበታል።

እንዴት እንደበቀለ ልንገርህ። አጥር ብናጥር፣ ጥበቃ ብንቀጥር ሰዉ አልሰማ አለ። ከብቱን ወዴት ያድርገው? እኔም ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ የመንግሥት አጥር ይዘላል፣ የቄስ ግዝት ግን አይዘልም። ስለዚህ ወደ መምሬ አዳነ ሄድሁ። የመንደሩ ሁሉ ነፍስ አባት ነበሩ፣ የእኔም። መስኩን ይገዝቱልኝ ብዬ ስለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ለሕዝቡ ምትክ የግጦሽ መሬት ተሰጥቷል ወይ? ግዝት እኮ ነፍስ ማሰር ነው፣ ልጄ። ከብቱ ተርቦበት ቢጥሰውስ?»

«ተሰጥቷል፣ አባቴ። ደብዳቤው ማኅተም ተመቶበት ደርሷል» አልሁ። የያዝሁትን ፋይልም ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ውስጡ የነበረው መልስ ያላገኘ የራሴ ማመልከቻ ነው። ግለጠው አላሉኝም።

«ያንተ ቃል ይበቃኛል» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት በግ እንኳ አልገባችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም። ፋይሉን ከቢሮ ይዤ የወጣሁት አስቤበት ነው።

ምትኩ አልመጣም። በጋው ሲጠና ዳባት ገበያ ላይ ወይዘሮ ጥሩዬን አገኘኋቸው፤ የዚያ መንደር ባልቴት ናቸው። የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት ላማቸውን ለሽያጭ ይጎትታሉ። አፍሬ ልሸሽ ስል ጭራሽ እሳቸው አጽናኑኝ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ምትኩ እስኪደርስ ነው። መምሬ ደብዳቤው አለ ብለውን የለ!»

ያን ጊዜ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። አልተናገርሁም።

ከዚያ መምሬ ራሳቸው ደባርቅ ቢሮዬ ድረስ መጡና «እስቲ ደብዳቤውን አሳየኝ» አሉ። «በሂደት ላይ ነው» አልኋቸው። በዚህች ቃል ስንቱን ባለጉዳይ ሸኝቻለሁ! እሳቸው ግን ወዲያው ገባቸው። «እንግዲያ ግዝቱን እፈታለሁ» ብለው ተነሡ። ምርጫው ቀርቦ ነበር፤ መስኩ ውስጥ ከብት ከገባ ለሕዝብ የማሳየው ሥራ የለኝም። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ከተመረጥሁ መጀመሪያ የማስፈጽመው ይህን ነው ብዬ መስቀላቸውን ይዤ ማልሁ። «እስከ ምርጫው ብቻ ይታገሡኝ» አልሁ።

ታገሡኝ። ሰዉ ሲያፋጥጣቸው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀቱን ሳላይ ገዘትሁ፤ ጥቂት ታገሡ» አሉ እንጂ ስሜን አላነሡም። መንደሩ ተቀየማቸው። የንስሓ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቄስ ሄዱ። እኔ ተመረጥሁ። ምክር ቤት ገብቼም ስለ ምትኩ አንድ ቀን እጄን አላወጣሁም፤ ነገሩ ከተነሣ ውሸቴም ይነሣል ብዬ ፈራሁ። በዚህ መሐል መምሬ ታመው አረፉ። ግዝቱ እንደታሰረ ቀረ።

ባለፈው እሑድ አዲሱ ቄስ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ «ግዝቱን እፈታዋለሁ፤ ግን እንዴት እንደታሰረ የሚያውቅ ሰው ካለ ተነሥቶ ይናገር» አሉ። እኔ እንደ ክቡር እንግዳ ከፊት ተቀምጫለሁ። ወይዘሮ ጥሩዬ ከሴቶች ወገን ሆነው መለሱ።

«መምሬ ናቸዋ! ሳያዩ ገዝተው ከብታችንን ፈጁት። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው።»

ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ።

አየህ ጉዴን? በሕይወት ሳሉ የዋሸኋቸው አነሰኝና ሞተውም ጥፋቴን አሸከምኋቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የራሴን ድምፅ መስማት ያሳፍረኛል።

ሣሩስ መልካም አይደለም ወይ ትለኝ ይሆናል። መልካም ነው። ብዙ ጊዜ በእሱ ልጽናና ሞክሬአለሁ። ነገር ግን ዋጋውን የከፈሉት የወይዘሮ ጥሩዬ ላምና የመምሬ ስም ናቸው፤ እኔ ከኪሴም ከነፍሴም ያወጣሁት የለም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን አልበደልሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው መቃብር ውስጥ ናቸው።

በሚመጣው እሑድ ተመልሼ እዚያው እቆማለሁ። የምናገረው አጭር ነው፤ እንደ ልማዴ አፌ እንዳይከዳኝ እዚህ ጽፌዋለሁ፦ ደብዳቤ አልነበረም። መምሬ አላጠፉም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።