ቢጫው ሹራብ

ዛሬ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ፣ አንድ ሰውዬ የመብራት ምሰሶው ላይ የጠፋች ልጅ ማስታወቂያ ይለጥፋል። የዱቄት ሙጫው ሲሸተኝ የአክስቴ የላፍቶ ግቢ ድቅን አለብኝ።

ያኔ አስራ ሁለት ዓመቴ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ትዕግስት አስራ ስድስት ሞልቷት ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ሹሩባ ትሠራኛለች፤ እጇ የቅባት ሽታ አለው፣ ሳቋ እስከ መንገዱ ይሰማል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ወጥታ በዚያው ቀረች።

ሰፈሩ "ደላላ አረብ አገር ወስዷት ነው"፣ "የለም፣ ወንድ ተከትላ ነው" ሲል ሰነበተ። የእንጀራ አባቷ ጋሽ ተፈራ እያለቀሰ ማስታወቂያ አሳተመ። ሙጫውን አክስቴ አበሰለችለት።

ወረቀቱን አነበብኩት። "በጠፋችበት ቀን ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነበር" ይላል።

"እቴቴ፣ ሹራቡ እኮ የኔ ነው" አልኳት አክስቴን። "ከኛ ቤት ልትወጣ ስትል በርዷት እዚሁ አዋስኳት። ጋሽ ተፈራ ደግሞ ያን ቀን እስከ ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ ብሏል። የት አያት?"

እጇ ድስቱ ላይ ቆመ። በሩን ዞር ብላ አየች።

"በአንድ ሹራብ የሰው ቤት አላፈርስም" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ይልቅ አማስዪ፣ እንዳይጓጉል።"

አማሰልኩ። ከዚያም ድስቱን ይዤ ጋሽ ተፈራን እስከ ሀና ማርያም ተከተልኩት፤ እሱ እየለጠፈ፣ እኔ ሙጫ እያቀበልኩ።

ታክሲው መጣ፤ አልገባሁም። ወደ ምሰሶው ተጠግቼ፣ የልጅቷን ፎቶ እንኳ ሳላይ፣ ምን ለብሳ እንደነበር የሚለውን መስመር አነበብኩ። ከዚያ ቀና ብዬ የሚለጥፈውን ሰውዬ አየሁት።